«ሌሊት ማሕሌቱ ሲሰማኝ አለቅሳለሁ»

ደብዳቤው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። ጸሐፊዋ የ31 ዓመት እናትና የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። የ8 እና የ5 ዓመት ወንዶች ልጆችና የ7 ወር ሴት ልጅ አሏት። ባለቤቷ እህል ነጋዴ ነው፤ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ይመላለሳል፤ መንገድ ሲዘጋ ለቀናት እዚያው ይቀራል። ልጅቷ ስትወለድ ቆባቸውን የደፉት አማቷ ከገጠር መጥተው አብረዋት ይኖራሉ። ረጅሙን ደብዳቤ አሳጥሬ፣ ማንነቷን የሚያሳውቀውን አውጥቼ፣ ዋናውን በራሷ ቃል እነሆ፦

«ከልጅነቴ ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤት መዘምርት ነበርኩ። ዳዊት ሳልደግም ከቤት አልወጣም ነበር። ይቺን ልጅ ከወለድኩ ወዲህ ግን ቤተ ክርስቲያን የሄድኩት አራት ጊዜ ብቻ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሳጠባ ማሕሌቱ በድምፅ ማጉያ ይሰማኛል፤ ያን ጊዜ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል። መጽሐፉን ስገልጥ ፊደሉ ይታየኛል እንጂ ልቤ አይገባም። ጠዋት እማሆይ ከኪዳን ሲመለሱ እኔ ምጣድ ላይ ነኝ። ‹እኛ ሰባት ወልደን አንድ ሰንበት ቅዳሴ አላስታጎልንም› ይሉኛል። ባለቤቴ ሰምቶ ዝም ይላል። ቡናው አይጥመኝም፤ የልጆቼ ጨዋታ ይከብደኛል። አንዳንዴ እንደተኛሁ በቀረሁ እላለሁ። እግዚአብሔር ትቶኝ ይሆን? ወይስ የተውኩት እኔ ነኝ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው የገዘፈብኝ ስለ ጸሎት የጻፍሽው ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን ዓይኔ አንዲት አጭር ቃል ላይ ቆመ፤ «ቡናው አይጥመኝም» ያልሽው ላይ። እስቲ አብረን እናስበው። የቀዘቀዘው እምነትሽ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ጸሎቱ ሲከብድሽ ቡናው በጣመሽ፣ የልጆችሽ ጨዋታ ባሳቀሽ ነበር። አንቺ ግን ሁሉም ነው ጣዕሙ የጠፋብሽ፤ መጽሐፉም፣ ስኒውም፣ ልጆቹም። ሰው ውስጡ ሲዝል የሚቀርብለትን አይለይም፤ መዝሙሩንም ቡናውንም እኩል አፈር አፈር ይለዋል። ስለዚህ የማምንበትን ከወዲሁ ልንገርሽ፦ እግዚአብሔርን አልተውሽውም። ደክመሻል፤ ምናልባትም ታመሻል። ድካምሽን ኃጢአት ብለሽ ስም ስላወጣሽለት፣ ዕረፍት መፈለግ ሲገባሽ ራስሽን ስትከሺ ሰባት ወር አለፈ።

ቀኑን እንቁጠረው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው፤ እናቲቱም እስከዚያ ድረስ ቤተ መቅደስ አትገባም። የመንግሥት ሠራተኛ ከወለደች በኋላ ያላት ፈቃድ ደግሞ 90 ቀን ነው። በመካከል የቀረሽ 10 ቀን ነበር። የክርስትናውን ድግስ ዕቃ አጥበሽ ሳትጨርሺ ጠመኔ ይዘሽ ክፍል ገባሽ። ከዚያ ወዲህ ቀን ያስተምራል፣ ማታ ያበስላል፣ ሌሊት ያጠባል የተባለ አንድ ሰውነት ነው ያለሽ። «አራት ጊዜ ብቻ» ስትይ እንደ ክስ ነው የጻፍሽው። እኔ ሳነበው፣ በዚህ ሁሉ መሀል አራት ጊዜ ያን ዳገት የወጣች ሴት ነው የታየችኝ።

አሁን ሁሉን ትቼ የምለምንሽ ነገር አለ። «እንደተኛሁ በቀረሁ» ብለሻል። ይህን ቃል ለማንም እንዳልነገርሽ እገምታለሁ። እናት ከወለደች በኋላ የሚመጣ ድባቴ የሚባል ሕመም አለ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻ ሳይሆን በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ጊዜ ሊጀምር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ከወለዱ እናቶች 19.8 በመቶ የሚሆኑት የአእምሮ ጤና ችግር ያገኛቸዋል፤ ዋናውም ድባቴ ነው። ከአምስት እናቶች አንዷ ማለት ነው። ከመምህራን ማረፊያ ክፍል አብረውሽ ከሚቀመጡት ወላዶች አንዷ በዝምታ አሳልፋው ይሆናል። ሐዘኑ ወይም የጣዕም ማጣቱ አብዛኛውን ቀን ይዞሽ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ልጅቷ ተኝታ እንኳ አንቺ እንቅልፍ ካጣሽ፣ እህል ካስጠላሽ፣ ይህ ሐኪም የሚያየው ነገር ነው። አንቺ ዘንድ ሁለት ሳምንቱ ካለፈ ቆይቷል። ልጅሽን ወደምታስከትቢበት ጤና ጣቢያ በዚህ ሳምንት ሂጂ፤ የ9 ወር ክትባቷ እስኪደርስ አትጠብቂ። የጻፍሽልኝን ሳታሳጥሪ ንገሪያቸው፤ ወደ ሆስፒታል ሊልኩሽ ይችላሉ። የምታጠቢ መሆንሽንም ተናገሪ፤ ለምታጠባ እናት የሚሰጥ መድኃኒት አለ። ጸበሉንም አትተዪ፤ ሁለቱ አይጣሉም። ሐሳቡ ከምኞት አልፎ «እንዲህ ባደርግስ» ወደሚል ከዞረ ግን ሌሊትም ቢሆን ብቻሽን አትቀመጪ፤ እማሆይን ቀስቅሺያቸው፤ ሳይነጋ ሆስፒታል ድረሺ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን፤ እንዲህ ላለው ሕመም ይህ ቃል ልክ ነው።

ሞት የተመኘ ሰው እምነት የለውም የሚልሽ ካለ፣ 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19ን አንብቢ። ኤልያስ ከሰማይ እሳት ካወረደ በኋላ ነው በረሃ ገብቶ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነፍሱ እንድትወሰድ የለመነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ መልአኩ ያደረገው ነገር ነው። ለምን ተስፋ ቆረጥህ አላለውም። ጸሎትህን ለምን አስታጎልህ አላለውም። ዳሰሰው፤ ተነሥና ብላ አለው። ኤልያስ ቀና ሲል በራሱ አጠገብ የተጋገረ እንጎቻና ማሰሮ ውኃ አገኘ፤ በልቶ ጠጥቶ ተመልሶ ተኛ። መልአኩም እንደገና መጥቶ መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ አለው። ኮሬብ ተራራና የእግዚአብሔር ድምፅ የመጡት ከሁለት ምግብና ከሁለት እንቅልፍ በኋላ ነው። እኔ ካህን አይደለሁም፤ ትርጓሜውን ለሊቃውንቱ እተዋለሁ። እንደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ግን የደከመን ሰው አያያዝ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ወደ እማሆይ እንምጣ። «ሰባት ወልደን አንድ ሰንበት አላስታጎልንም» ያሉሽ ቃል ቆርጦሻል። እውነታቸውን ይመስለኛል፤ ግን ግማሹን ነው የነገሩሽ። እሳቸው ቅዳሴ ሲሄዱ ልጆቹ ማን ዘንድ ነበሩ? በዚያ ግቢ አማት ነበሩ፣ ያላገባች እህት ነበረች፣ በአጥሩ ቀዳዳ «እንቺ ያዢልኝ» የምትባል ጎረቤት ነበረች። ሕፃኑ በአንቀልባ ታዝሎ ቅዳሴ ይገባል፣ ሲያለቅስ የሚቀበለው ሴት አይጠፋም። አንቺ ያለሽው የኪራይ ቤት ውስጥ ነው፤ ጎረቤትሽም እንዳንቺ ሥራ ውላ የምትገባ ናት። እማሆይ የሚያወዳድሩት ሁለት ሴቶችን ይመስላቸዋል፤ የሚወዳደሩት ግን በሰው የተሞላ ግቢና ሁለት ክፍል ቤት ናቸው።

ይህን እንደ ክርክር አትንገሪያቸው፤ ጠይቂያቸው። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ፣ ልጅቷን እያጠባሽ፣ «እማሆይ፣ ያኔ ቅዳሴ ሲሄዱ ልጆቹን ማን ይይዝልዎት ነበር?» በያቸው። ከልብሽ ለማወቅ ፈልገሽ ጠይቂ። ሽማግሌ ሴት ይህን ስትጠየቅ ትናገራለች፤ የአማታቸውን ስም ያነሣሉ፣ የሞተች ጎረቤታቸውን ያነሣሉ፣ ምናልባት ያለቅሳሉ። ልጅ ይዘው በር ላይ የተመለሱበት አንድ ሰንበትም ትዝ ይላቸው ይሆናል። ሲጨርሱ፦ «እንግዲህ እኔ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። አንድ ሰንበት እርስዎ ይቀድሱ፣ አንድ ሰንበት ለእኔ ይያዙልኝ።» ይህን ልመና የሚገፋ እናት ጥቂት ነው። እምቢ ቢሉም ሌላ መንገድ አለ። ሕፃን ትቆርባለች፤ ለቁርባን ስትቀርብ ይዟት የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል፤ እሱም አንቺ ነሽ። «ልጄን ላቁርብ» ብላ የምትወጣ እናትን እማሆይም በር ከፍተው ይሸኟታል። ቅዳሴውን ከመጀመሪያው ባታደርሺ እንኳ የቻልሽውን ቁሚ።

ይህን ሁሉ ብታደርጊም የማትሄጂበት ሰንበት ይኖራል። ያን ቀን ሐናን አስቢ። ልጅ አጥታ በሴሎ መቅደስ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ስታለቅስ ካህኑ ዔሊ ሰክራ የመሰለችውን ሐናን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ግን ብዙ ሰው አያነሣውም። ሳሙኤል ከተወለደ በኋላ ሕልቃና የዓመቱን መሥዋዕት ሊያቀርብ ቤተ ሰቡን ይዞ ሲወጣ ሐና አልወጣችም። ሕፃኑ ጡት እስኪተው ድረስ አልሄድም ብላ ቤቷ ቀረች፤ 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1 ላይ በግልጽ ተጽፏል። የጸሎት ምሳሌ ስንፈልግ የምንጠራት ሴት በማጥባቷ ምክንያት ከመቅደስ ቀረች፤ ማንም እምነቷ ቀዘቀዘ አላለም። ባሏም አልተቆጣም፤ የወደድሽውን አድርጊ፣ ጡት እስክታስጥዪው ተቀመጪ አላት።

ባልሽን ሳስብ ሕልቃና ትዝ ያለኝ በዚህ ምክንያት ነው። «ሰምቶ ዝም ይላል» ብለሻል። ጎጃም ውስጥ ያደገ ልጅ፣ ያውም ቆብ የደፉ እናት ፊት፣ ዝምታው አክብሮት ይመስለዋል። አንቺን ብቻሽን እንደተወሽ አልገባው ይሆናል። እናትህን ተቆጣልኝ አትበዪው፤ መቼም አያደርገውም፤ ቢያደርገውም ቤቱ ይረበሻል። ትንሽና ቁርጥ ያለ ነገር ለምኚው። «ይህን ሲሉኝ ‹እማ፣ ደክሟት ነው› በልልኝ፤ ሌላ አልፈልግም።» ቤት ባለበት ሰንበትም ሁለቱን ወንዶች እሱ ይያዝ። ለእኔ የጻፍሽውን የመጨረሻውን ቃል ደግሞ ለእሱም ንገሪው። ሲጫወቱ የሚያልፍ ነገር ስላልሆነ ተቀምጣችሁ፣ ስልኩን አስቀምጦ ይስማሽ።

ስለ ጸሎቱ ደግሞ፦ አሁን የምትሞክሪው የመዘምርትነትሽን ዘመን ጸሎት ነው። ያኔ እጅሽ ባዶ፣ እንቅልፍሽ ሙሉ ነበር። ዳዊቱን ለጊዜው ዝጊው፤ አይቀየምሽም። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ቀናት የተከፈለ ነው፤ የዕለቱን ብቻ፣ እሱም ካልሆነ የመጀመሪያዋን ገጽ። እጅሽ ሊጥ ሲሆን ደግሞ በቃልሽ። በአገርሽ ዓይነ ስውር ሆነው ወንዶቹን የቅኔ ተማሪዎች ያስተማሩትን የእማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ስም ሰምተሽ ይሆናል። ቅኔ ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ፣ ከጆሮ ወደ ልብ የሚሄድ ትምህርት ነው። አንቺም ከሕፃንነትሽ ጀምሮ በልብሽ ያስቀመጥሽው አለ፤ መጽሐፍ ሳትገልጪ አውጪው።

ምጣዱ ላይ ሞክሪው። መብራት መጥቶ ምጣዱ ሲግል ሊጡን ከዳር ጀምረሽ እየዞርሽ ታሰፊያለሽ፤ ዓይን ማውጣት ሲጀምር አክንባሎውን ትከድኛለሽ። ከዚያ እንፋሎቱ በጠርዙ እስኪወጣ ድረስ እጅሽ ሥራ የለውም። በዚያች ደቂቃ ዛሬ ምን አድርገሽ ነበር? እንዳልጸለይሽ ታስቢ ነበር። አሁን አንዴ ብቻ፣ ቀስ ብለሽ፣ «በእንተ እግዝእትነ ማርያም መሐረነ ክርስቶስ» በዪ። ልብሽ ባይገባም በዪው። ከዚያ አክንባሎውን አንሥተሽ እንጀራውን በሰፌድ አውጪ። ሃያ ከጋገርሽ ሃያ ጊዜ ነው፤ መቁጠሪያሽ እንጀራው ይሁን። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማሕሌቱ ሲሰማሽም እንደዚያው። እነሱ ቆመው፣ አንቺ ተቀምጠሽ እያጠባሽ፣ በአንድ ሌሊት ነቅታችኋል። እንባው ከመጣ ይምጣ።

ጾሙን በሚመለከት ለብቻሽ አትወስኚ፤ የንስሐ አባትሽ ዘንድ ሄደሽ የምታጠቢ፣ የደከምሽ፣ ምናልባትም መድኃኒት የምትጀምሪ መሆንሽን ንገሪያቸው። እሳቸው የሚሉሽን አድርጊ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ጋግረሽ ስትጨርሺ በቡሃቃው ግርጌ የቀረችውን ሊጥ ለልጆቹ እንጎቻ እንደምታደርጊ እገምታለሁ፤ ሁለቱ ወንዶች ምጣዱ ዙሪያ ቆመው ይሻሙባታል፣ አንቺ ቆመሽ ታያለሽ። በሚቀጥለው ጊዜ ሦስት አድርጊያት። የመጀመሪያዋን ትኩሷን በርበሬና ቅቤ ቀብተሽ፣ ጾም ከሆነም በዘይት፣ ተቀምጠሽ አንቺ ብዪ።