ኮድ አስገባን፣ ሰው ግን አሁንም ይገባብናል (ጥያቄና መልስ)

ስለ መገናኛ ሬዲዮ የመጡ ጥያቄዎች ተከምረዋል፣ ዛሬ እንዳመጣልኝ ልመልስ። አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁት ስለ ኮድ ነው፣ ያው ሲቲሲኤስኤስ እና ዲሲኤስ የሚባሉት፣ ንግግራችሁ ስር አብሮ የሚላከውና ስፒከር ላይ እንዳይሰማ ሬዲዮው የሚቆርጠው ምልክት ማለት ነው፣ ሲቲሲኤስኤስ ቶን (ዝቅ ያለ ድምፅ) ነው፣ ዲሲኤስ ደግሞ ዲጂታል ኮድ። ሬዲዮው ያንን ምልክት ካላገኘ ስኩዌልቹን (ስፒከሩን የሚዘጋውን በር) አይከፍትም፣ ዝም ይላል።

*ኮድ ባስገባ ሬንጄ ይጨምራል ወይ?*

አይጨምርም። ቀጣይ።

*አንድ አንባቢ በንዴት ነው የጻፈው፦ ሁላችንም አንድ ዓይነት ኮድ አስገብተናል፣ ለተወሰነ ቀን ሰላም ሆነ፣ አሁን ግን ጓደኛዬ ሲያወራ መሃል ላይ የማናውቀው ሰው ድምፅ ይገባል፣ አንዳንዴ ደግሞ ስንጠራራ ጭራሽ አንሰማማም፣ ሬዲዮው ተበላሽቷል ወይ?*

ሬዲዮህ ምንም አልሆነም ወንድሜ። ይሄ ነገር ሻጩ ሲሸጥ ስለማይናገረው ነው ሰው ሁሉ የሚሸወደው፦ ኮድ ያንተን ጆሮ ነው የሚዘጋው እንጂ ቻናሉን አያጸዳም። በርህን ዘግተህ ሰፈሩ ጭር አለ እንደማለት ነው። እነዚያ ሰዎች እዛው ፍሪኩዌንሲ ላይ እያወሩ ነው፣ አንተ ብቻ ነህ የማትሰማቸው።

አሁን ጓደኛህ ሲጠራህ ምን እንደሚሆን እይ። ኤፍኤም ላይ ሁለት ምልክት አንድ ላይ ሲደርስ ሬዲዮው ጠንካራውን ነው የሚይዘው። የጓደኛህ ከበለጠ ቶኑ ይነበባል፣ ስኩዌልቹ ይከፈታል፣ ትሰማዋለህ፣ ግን አንዴ ከተከፈተ በሩ ወዲያው አይዘጋም፣ ጓደኛህ ግድግዳ ጀርባ ዞሮ ምልክቱ ሲደክም ሬዲዮው ቶኑ መጥፋቱን አውቆ እስኪዘጋ ድረስ የዛኛው ሰውዬ ድምፅ ዘው ብሎ ይገባል። የሰውዬው ከበለጠ ደግሞ የጓደኛህ ቶን ጭራሽ አይነበብም፣ ሬዲዮህ ዝም፣ አንተም የጠራህ እንዳለ እንኳን አታውቅም። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም ኮድ ባይኖር ኖሮ ቢያንስ ጩኸቱን ሰምተህ ቻናሉ ተይዟል ትል ነበር።

ሌላው ደግሞ አንተም ለነሱ እንደዛው ነህ፣ ቻናሉ ዝም ያለ ስለመሰለህ ፒቲቲ (የማውሪያውን በተን) ትጫናለህ፣ እነሱ መሃል ትገባለህ። ስለዚህ ከማውራትህ በፊት ሞኒተር የሚለውን በተን ተጫን፣ ኮዱን አልፎ ቻናሉ ላይ ያለውን ሁሉ ያሰማሃል፣ ሰው ካለ ጠብቅ። ሬዲዮህ ቢሲኤል የሚባል ሴቲንግ ካለው አብራው፣ ቻናሉ ሲያዝ እንዳታስተላልፍ ይከለክልሃል። ዋናው መፍትሄ ግን ሌላ ኮድ ሳይሆን ሌላ ፍሪኩዌንሲ ነው። ሬዲዮውን ለጥበቃ፣ ለክሬን ወይም ሰው ሕይወት ላለበት ሥራ የምትጠቀሙበት ከሆነማ እዚህ እየጠየቃችሁ አትቆዩ፣ ፈቃድ ያለው የሬዲዮ ባለሙያ አምጡና ለብቻችሁ የተመደበ ፍሪኩዌንሲ እንዲያስጨርስላችሁ አድርጉ። ይሄን ስል ለይስሙላ አይደለም።

*የኔም የሱም ኮድ 12 ነው፣ ብራንዱ ግን ይለያያል፣ አንሰማማም።*

12 የሚለው ቁጥር የተራ ቁጥር ነው፣ ምንም ማለት አይደለም። ብዙ ሬዲዮ ላይ 38 ቶን ነው ያለው፣ እዛ ዝርዝር ላይ ከ67.0 ቀጥሎ 71.9 ሄርዝ ይመጣል፣ 12ኛው 100.0 ይሆናል። ሌላው ሬዲዮ ደግሞ መሃላቸው 69.3ን ያስገባል፣ ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ይንሸራተትና 12ኛው 97.4 ሆኖ ያርፋል። ቁጥሩን እርሱትና ሄርዙን አወዳድሩ፣ ማኑዋሉ መጨረሻ ላይ ሰንጠረዥ አለ (ማኑዋሉን የጣላችሁት ታውቁታላችሁ)። ዲሲኤስ ላይ ከሆነ ደግሞ ከኮዱ ጎን ያለውን ኤን እና አይ ተመልከቱ፣ አንዱ ቀጥታ ሌላው የተገለበጠ ነው፣ 023 ሲገለበጥ ሬዲዮው የሚያነበው 047 ብሎ ነው።

*ስንነጋገር የመጀመሪያዋ ቃል ትቆረጣለች። "አትግባ" ስለው "ግባ" ብሎ ሰምቶኛል።*

ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም፣ ግን ነገሩ ቀልድ አይደለም። ሬዲዮው ቶኑን ለይቶ ስኩዌልቹን እስኪከፍት የሰከንድ ሩብ አካባቢ ሊፈጅበት ይችላል፣ ቶኑ ዝቅ ባለ ቁጥር ደግሞ ጊዜው ይረዝማል። ተጫን፣ ትንፋሽ ውሰድ፣ ከዛ አውራ። እንዲህ ዓይነቱን ትዕዛዝ ደግሞ "ቁም" በሉት፣ ቢቆረጥ እንኳን ተቃራኒ የማይሆን ቃል ምረጡ።

*100.0 ላይ አድርገን ሬዲዮው አንዳንዴ ማንም ሳያወራ ብልጭ ብሎ ይከፈታል።*

መብራታችሁ 50 ሄርዝ ከሆነ 100 የሱ እጥፍ ነው፣ ከመብራት መስመርና ከቻርጀር የሚመጣው ሁም (ዝቅ ያለ የኤሌክትሪክ ጉርምርምታ) ቶኑን የሚለየውን ዲኮደር ያታልለዋል። 60 ሄርዝ ባለበት አገር ደግሞ 120፣ 180 እና 240 አካባቢ ያሉትን ሽሹ። 88.5 ወይም 107.2 ሞክሩ። ካልተሻለው ቴክኒሻን ይየው ምን ልበላችሁ።

*ኮድ ካስገባን ማንም አይሰማንም አይደል?*

ኧረ ይሰማችኋል! ኮድ ያላስገባ ሁሉ ይሰማችኋል። ካርቶኑ ላይ ፕራይቬሲ ኮድ ብለው የጻፉት ሰዎች ናቸው ያሳቷችሁ። የቤት ቁልፍ የት እንዳስቀመጣችሁ በሬዲዮ አታውሩ።

*ሪፒተሩ (ምልክት ተቀብሎ መልሶ የሚያስተላልፈው ጣቢያ) ይሰማኛል፣ እኔ ስጠራ ግን አይመልስም።*

ምናልባት የመቀበያውን ቶን ብቻ ነው ያስገባኸው። ሁለቱ ለየብቻ ናቸው፣ ለምሳሌ ባኦፌንግ ዩቪ 5አር ላይ ሜኑ 11 የመቀበያው ነው፣ ሜኑ 13 የማስተላለፊያው። ሪፒተሩን የሚከፍተው 13ኛው ነው። እንደውም መጀመሪያ 13ን ብቻ አስገባና 11ን ኦፍ አድርገው፣ ሲሠራ ካየህ በኋላ 11ን ትጨምራለህ። ሁለቱንም አንዴ ነካክተህ እምቢ ሲል የቱ እንደተሳሳተ አታውቀውም። ኦፍሴቱንም (በመቀበያውና በማስተላለፊያው ፍሪኩዌንሲ መሃል ያለውን ልዩነት) ቼክ አድርግ፣ እሱ ከተሳሳተ ቶን ብትቀያይር ዋጋ የለውም።