ጭላዳው መቀመጥ ነበረበት

ከመሐል ሜዳ የጻፍሽልኝ ልጄ፣ «ከምድር የጠፋ እንስሳ አጽም ለሙዚየም የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ምን ይማር?» ብለሻል። ሌላው ወጣት የሚጠይቀኝ የስሪዲ ፕሪንተር ዋጋ ነው። ያንቺ ጥያቄ ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ደብረ ብርሃን ላይ ነው። ለአንድ ኤግዚቢሽን የጥንቱን ግዙፍ ጭላዳ ዝንጀሮ አጽም እንድንሠራ ታዘዝን። በሳይንስ ስሙ ቴሮፒተከስ ኦስዋልዲ ይባላል። የዛሬው ወንድ ጭላዳ 20 ኪሎ ገደማ ነው፤ ትልልቆቹ ኦስዋልዲዎች ከእጥፍ በላይ ይመዝኑ ነበር። ቅሪተ አካሉ እኛ ዘንድ ኮንሶ፣ ኬንያ ደግሞ ኦሎርጌሳይሊ ተገኝቷል። ለእኛ ግን ሙሉ አጽም አልደረሰንም። የግራ ክንድ ኖሮ የቀኙ ከጎደለ፣ የግራውን ገልብጠን እንቀርጻለን። ሁለቱም ከሌሉ የዛሬውን ጭላዳ አጥንት አይተን እንገምታለን።

የደብረ ብርሃንን ብርድ መቼም ታውቂዋለሽ። አጥንቶቹን የምንሠራበት ፈሳሽ ፕላስቲክ፣ ሬዚኑ፣ አልደርቅ አለ። ያፈሰስንበትን የሲሊኮን ቅርጽ ማውጫ (ሞልድ) በጋቢ ጠቅልለን አሳደርነው። ጋቢው የእኔ ነበር፤ ባለቤቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።

ከዚያ አቋሙ ላይ ተጨቃጨቅን። አጥንቶቹን የሚሸከመው ብረት አንዴ ከታጠፈና ከተበየደ አለቀ። እኔ ይቀመጥ አልኩ። መንዝ ጓሳ ሄዶ ያየ ሰው ያውቃል፤ ጭላዳ በቂጡ ተቀምጦ፣ እየተንፏቀቀ፣ በጣቶቹ ሳር ሲነጭ ነው የሚውለው። የኦስዋልዲም የመንጋጋ ጥርሶች ሳር በል እንደነበር ይመሰክራሉ። ኃላፊያችን ግን «የተቀመጠ ዝንጀሮ ለማየት ማን ቲኬት ይቆርጣል?» አሉ። ተከራከርኩ፤ አልሆነም። ቆመ፣ አፉን ከፈተ፣ ሊዘል ያደባ ነብር መሰለ።

ሕዝቡ ወደደው። ከመንዝ የመጡ አንድ አዛውንት ብቻ ዞር ዞር ብለው አዩትና «ይሄን ደግሞ ምን ነክሶት ነው የተነሣው?» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እና መጀመሪያ ሕያዉን ማየት ተማሪ። ጓሳ ቅርብሽ ነው። ጠዋት ከገደሉ ሲወጡ ጠብቂያቸው። ዳሌያቸው እንዴት እንደሚያርፍ፣ ክርናቸው እንዴት እንደሚታጠፍ በእርሳስ ንደፊ። ስልክሽን ኪስሽ ክተቺው። የዛሬ ልጆች ትቀርጻላችሁ እንጂ አታዩም። ለነገሩ ያኔ ቪዲዮ ቢኖረኝ ኖሮ ለኃላፊው አሳያቸው ነበር። እሺ፣ ትንሽ ቅረጪ።

ጓንትና ማስክ አድርጊ ብዬ አላደክምሽም። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ግን ከሽቦና ከጭቃ ትንሽ ሞዴል ሥሪ፤ ኃላፊዎቹን ሰብስበሽ አቋሙን እዚያው ላይ አስፈርሚያቸው።