በፖቶማክና በቼሳፒክ ላይ ሞተር ጀልባ ለመንዳት ምን ያስፈልጋል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሙቀት ሲገባ ከቨርጂኒያ፣ ከሜሪላንድና ከዲሲ የሚደርሱን የጀልባ ጥያቄዎች ይበዛሉ። ለዚህ ወር ስድስቱን መርጠናል። ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ለመዝናኛ የሚነዳ ጀልባን ይመለከታሉ።

ጥያቄ፦ የቨርጂኒያ መንጃ ፈቃድ አለኝ። 17 ጫማ ርዝመትና 60 የፈረስ ጉልበት ሞተር ያላት ያገለገለች ጀልባ ልገዛ ነው። ለጀልባ የተለየ ፈቃድ ማውጣት አለብኝ? ከየት ልጀምር?
— ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ ለመኪና እንደሚሰጠው ያለ መንጃ ፈቃድ ለመዝናኛ ጀልባ የለም። ቨርጂኒያ የምትጠይቀው የጀልባ ደኅንነት ትምህርት መጨረስዎን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ሞተሩ 10 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ዕድሜዎ ስንትም ይሁን፣ በሚነዱበት ጊዜ ማስረጃው አብሮዎት መኖር አለበት። ግዴታው በዕድሜ እየተከፋፈለ ለዓመታት ሲገባ ቆይቶ ከጁላይ 1 ቀን 2016 ጀምሮ ሁሉንም ሰው ይዟል። ያለ ማስረጃ የተገኘ ሰው 100 ዶላር ይቀጣል።

መጀመሪያ ኮርስ ይምረጡ። ኮርሱ ናስብላ የሚል የማጽደቂያ ምልክት ሊኖረው ይገባል፤ ይህ የየግዛቱን የጀልባ ሕግ አስፈጻሚዎች የሚያሰባስበው ማኅበር ምልክት ነው። በኢንተርኔት መውሰድ ይቻላል። ቦት ዩኤስ ፋውንዴሽን የሚያቀርበው ነጻ ሲሆን ሌሎቹ ያስከፍላሉ። ክፍል ገብቶ መማር የሚፈልግ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ የሆነው ኮስት ጋርድ ኦግዚለሪ በተባለው የበጎ ፈቃደኞች ክንፉ በኩል የሚሰጠውን መጠየቅ ይችላል። ጀልባ ነክቶ ለማያውቅ ሰው ክፍሉ ይሻላል እንላለን፤ የውሃ ካርታ ተዘርግቶ፣ ገመድ ተይዞ፣ ጥያቄ እየተጠየቀ የተማሩት አይረሳም።

በኢንተርኔት ሲመዘገቡ ሁለት ቦታ ላይ ስሕተት ይበዛል። አንደኛው ግዛት መምረጥ ነው። የሕጉ ምዕራፍ በየግዛቱ ስለሚለያይ የሚኖሩበትን ይምረጡ። ሁለተኛው ስም ነው። የኛ ሰው አንዱ ወረቀት ላይ የአባቱን፣ ሌላው ላይ የአያቱን ስም መጨረሻ አድርጎ ያስገባል፤ ፊደሉም ከወረቀት ወረቀት ይለዋወጣል። መንጃ ፈቃድዎ ላይ እንዳለው አንድም ፊደል ሳይቀይሩ ይጻፉ። ፖሊሱ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ ነው የሚያየው። ፈተናውን እንዳለፉ ጊዜያዊውን ሰርተፍኬት አትመው ያስቀምጡ፣ ፋይሉንም አያጥፉ።

የኢንተርኔቱ ፈተና ግን መሪ አያስጨብጥም። ጀልባ ሳይነኩ ማስረጃ ማግኘት ይቻላል፤ ለኛ ይህ የሕጉ ትልቁ ክፍተት ነው። ስለዚህ ጀልባዋን ከገዙ በኋላ ለጥቂት ሰዓት አስተማሪ ቢቀጥሩ ገንዘቡ አይቆጭም። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ጉዳት የሚያደርሰው ወደብ ሲጠጋ ነው። ጀልባ ፍሬን የለውም። መሪውን ወደ ቀኝ ሲያዞሩ የኋላው ክፍል ወደ ግራ ይወረወራል፣ ነፋሱ ደግሞ አፍንጫውን ይገፋል። ሲጠጉ ነፋሱን ወይም የውሃውን ፍሰት ፊት ለፊት ይዘው፣ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ማዕዘን፣ ማርሹን እያስገቡና እያወጡ በቀስታ ይሂዱ። መሪውን አስቀድመው ያዙሩ፣ ማርሹ ከዚያ በኋላ ይግባ። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ጀልባዋ ካሰበው ተቃራኒ ትሄድበታለች። ከፊት ለተቀመጠው ሰው እጅም እግርም አውጥቶ እንዳይገታ አስቀድመው ይንገሩት፤ በጀልባና በእንጨት መካከል የገባ ጣት አይተርፍም።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ሳለሁ ለብዙ ዓመታት በጣና ላይ ሞተር ጀልባ ነድቻለሁ። አሁን ሜሪላንድ ነኝ። ልምዴ ከትምህርቱ ነጻ ያደርገኛል? ፈተናውስ ይከብዳል?
— ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ልምድ ነጻ አያደርግም። ሜሪላንድ የምታየው የልደት ቀን ነው፦ ከጁላይ 1 ቀን 1972 ጀምሮ የተወለደ ሁሉ የተመዘገበ ጀልባ ለመንዳት የጀልባ ደኅንነት ሰርተፍኬት መያዝ አለበት። ከዚያ በፊት የተወለደ ግዴታ የለበትም።

ሞተር ማስነሳትና ማዕበል ማንበብ ለእርስዎ አዲስ አይሆንም። አዲስ የሚሆኑት ምልክቶቹና የቅድሚያ ሕጎቹ ናቸው። የውሃው ከፍታም እንደ ጣና አይደለም። ፖቶማክ ዋሽንግተን ድረስ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ይከተላል፤ በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 3 ጫማ ከፍ ዝቅ ይላል። ጠዋት በቀላሉ ያለፉበት ቦታ ከሰዓት በኋላ ፕሮፔለሩን ጭቃ ውስጥ ሊተክለው ይችላል።

ተንሳፋፊ ምልክቶቹ ቀይና አረንጓዴ ናቸው። ከባሕር ወደ ውስጥ ሲመለሱ ቀዩ በቀኝዎ ይሆናል፣ ሲወጡ በግራዎ። ቀዮቹ ሙሉ ቁጥር ይይዛሉ፣ አረንጓዴዎቹ ጎደሎ። በጀልባ ላይ ያለው መብራት ግን ሌላ ነው፦ የጀልባው ግራ ጎን ቀይ፣ ቀኝ ጎኑ አረንጓዴ ያበራል። ተፈታኞች ሁለቱን ያምታታሉ፤ ለየብቻ ያጥኗቸው።

ቅድሚያን በተመለከተ፣ ሁለት ሞተር ጀልባዎች ፊት ለፊት ከተገናኙ ሁለቱም ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። መንገድ ከተቋረጡ ሌላውን በቀኙ በኩል የሚያየው ይለቃል። ሌሊት ላይ ይህን መብራቱ ራሱ ይነግርዎታል፤ ከቀኝዎ የሚመጣው ጀልባ የሚያሳይዎት ቀዩን ጎኑን ስለሆነ ቀይ ካዩ ልቀቁ ማለት ነው። ቀድሞ የሚያልፍ ደግሞ ምንጊዜም ከሚቀደመው ይርቃል።

ቅድሚያ ያለው ጀልባም ግዴታ አለበት፦ አቅጣጫውንና ፍጥነቱን ሳይለውጥ መሄድ። ጨዋነት ለምደን «እርስዎ ይለፉ» ብለን ድንገት ብናቆም ወይም ብንታጠፍ፣ ሊለቅልን ሲያዞር የነበረው ጀልባ ላይ እንወጣለን። ሌላው እንደማይለቅ ግልጽ ሲሆን ግን ቅድሚያ ያለውም ይሸሻል። በጡሩምባ አንድ አጭር ድምፅ «በግራ ጎኔ ትቼህ አልፋለሁ»፣ ሁለት አጭር «በቀኝ ጎኔ»፣ ሦስት አጭር «ሞተሬ ወደ ኋላ እየሠራ ነው»፣ አምስት አጭር «አደጋ አለ፣ አሳብህ አልገባኝም» ማለት ነው። እነዚህን የያዘ ሰው ፈተናው አይከብደውም።

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ ዳርቻ ጀልባ አውርደን ፖቶማክ ላይ ስንሄድ የምንገዛው በየትኛው ግዛት ሕግ ነው?
— ከውድብሪጅ

መልስ፦ ብዙ ሰው ወንዙ መሐል ለመሐል የተከፈለ ይመስለዋል። አይደለም። እንግሊዛዊው ንጉሥ በ1632 በሰጠው ቻርተር መሠረት ፖቶማክ እስከ ቨርጂኒያ ዳርቻ ዝቅተኛ የውሃ መስመር ድረስ የሜሪላንድ ነው። ስለዚህ እናንተ ዘንድ ከዳርቻው ጥቂት እንደወጡ የሚያገኙት የሜሪላንድ የተፈጥሮ ሀብት ፖሊስ ሊሆን ይችላል። ወደ ላይ አሌክሳንድሪያ አልፈው ሲሄዱ ደግሞ ውሃው የዋሽንግተን ዲሲ ነው፤ ከተማዋም የራሷ የውሃ ፖሊስ አላት።

ናስብላ የሚል ምልክት ያለው ሰርተፍኬት ከግዛት ግዛት ስለሚታወቅ አንዱን ይዞ መሄዱ ይበቃል። ልዩነቱ የሚሰማው በሌሎቹ ደንቦች ላይ ነው። ለምሳሌ ጄት ስኪ ለመንዳት ቨርጂኒያ 14 ዓመት ስትጠይቅ ሜሪላንድ 16 ትላለች። የ15 ዓመት ልጅ ቨርጂኒያ ውስጥ ካለ ሐይቅ ላይ ሰርተፍኬቱን ይዞ በሕጋዊ መንገድ ሊነዳ ይችላል፤ ፖቶማክ ላይ ግን ወላጁን ያስጠይቃል።

ጥያቄ፦ ለቅዳሜ በቨርጂኒያ ጀልባ ልንከራይ ነው። ውሉ ላይ ያለው ስሜ ብቻ ነው፤ ሰርተፍኬት ያለን ሰው የለም። ወንድሜና ጓደኞቼ ተራ በተራ ቢነዱ ችግር አለው?
— ከፎልስ ቸርች

መልስ፦ አለው። ቨርጂኒያ ለተከራይ በር የከፈተችው በውሉ ላይ ነጂ ተብሎ ስሙ ለተጻፈና ከመነሳቱ በፊት የደኅንነት ዝርዝሩን ከአከራዩ ጋር ለጨረሰ ሰው ነው። ወንድምዎ የሚነዳ ከሆነ የእሱም ስም ይጻፍ፣ ዝርዝሩንም እሱ ራሱ ይጨርስ። አከራዩ ሲያብራራ እናንተ ምግብ የምትጭኑ ከሆነ ደግሞ በኋላ ማርሹ የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

ከመካከላችሁ ሰርተፍኬት ያለው ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ሕጉን በተመለከተ ሌላው ሰው በእሱ ክትትል ሥር መንዳት ይችል ነበር። ክትትል ማለት ግን ጀልባው ላይ መገኘት ብቻ አይደለም፤ ነጂውን በቅርብ እያየና እያነጋገረ፣ በቅጽበት መሪውን ሊቀበለው የሚችል መሆን አለበት። ካቢን ውስጥ የተኛ ወይም ከኋላ በገመድ እየተጎተተ ውሃ ላይ የሚንሸራተት ሰው ተከታተለ አይባልም።

ነጂው ቢራ አይቅመስ። የአልኮል ገደቡ እንደ መኪናው 0.08 ነው፤ ፀሐዩና የሞተሩ ንዝረት ደግሞ ስካሩን ያፈጥኑታል።

ጥያቄ፦ የራሴ ጀልባ አለኝ፣ ሰርተፍኬትም አለኝ። ለልደትና ለሙሽራ ፎቶ በሰው 50 ዶላር እያስከፈልኩ ላንሸራሽር አስቤያለሁ። በቴሌግራም ባስተዋውቅ ይፈቀዳል?
— ከባልቲሞር

መልስ፦ በያዙት ሰርተፍኬት አይፈቀድም። ተሳፋሪ ከከፈለ ጉዳዩ የኮስት ጋርድ ነው፤ ነጂውም የካፒቴን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ጓደኛሞች በፈቃዳቸው የነዳጁን ወጪ ቢካፈሉ እንደ ክፍያ አይቆጠርም፤ ዋጋ ቆርጦ ማስተዋወቅ ግን መካፈል አይደለም።

ለጀማሪ የሚሆነው ፈቃድ ኦ.ዩ.ፒ.ቪ. ይባላል፣ የሙያው ሰዎች «ሲክስ ፓክ» ይሉታል፤ ቢበዛ 6 ከፋይ ተሳፋሪ ያስጭናል። 18 ዓመት መሙላት፣ 360 ቀን የውሃ ላይ አገልግሎት ማስመዝገብ፣ ከዚህም የተወሰነው በቅርብ ዓመታት ውስጥ መሆኑ ይጠየቃል። የጤና ምርመራ፣ የዕፅ ምርመራ፣ የመጀመሪያ እርዳታና የሲፒአር (ልቡ ለቆመ ሰው የሚሰጥ እርዳታ) ሥልጠና፣ ትዊክ የሚባለው የወደብ መታወቂያ እና ፈተናም አለ። ፈቃዱ ለ5 ዓመት ይሠራል። ዜግነት የሌለውም ሰው በፌዴራል መዝገብ ባልገቡ ጀልባዎች ላይ የተገደበ ፈቃድ ማግኘት ይችላል።

ሰው የሚሰናከለው ፈተናው ላይ ሳይሆን 360 ቀኑ ላይ ነው። በትንሽ ጀልባ አንድ ቀን ተብሎ እንዲቆጠር ቢያንስ 4 ሰዓት ውሃ ላይ መዋል ያስፈልጋል፤ ቀኖቹም በቅጽ ላይ ይሞላሉ። የሰው ጀልባ ከሆነ ባለቤቱ ይፈርማል፣ የራስዎ ከሆነ ባለቤትነትዎን ያረጋግጣሉ። ከዛሬ ጀምሮ በደብተር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የውሃውን ስምና የጀልባውን ርዝመት ይመዝግቡ። ከዓመታት በኋላ ከትዝታ የሚሞላ ቅጽ ያስቸግራል።

ጥያቄ፦ ፖሊስ ቢያስቆመን ከሰርተፍኬቱ ሌላ ምን ያያል?
— ከማናሳስ

መልስ፦ በመጀመሪያ ጃኬት ይቆጥራል። ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ የሆነ፣ ኮስት ጋርድ ያጸደቀው ላይፍ ጃኬት ይኑር፤ የአዋቂ ጃኬት ለሕፃን አይቆጠርም። ሜሪላንድ ውስጥ ከ21 ጫማ ባነሰ ጀልባ ላይ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጀልባው በሚሄድበት ጊዜ ለብሶ ነው የሚገኘው። ጀልባው 16 ጫማና ከዚያ በላይ ከሆነ የሚወረወር መንሳፈፊያም ይጨመራል፤ ቁም ሳጥን ተቆልፎበት ሳይሆን እጅ በሚደርስበት ቦታ።

እሳት ማጥፊያውን ገልብጠው ታቹን ይዩ። የተሠራበት ዓመት ተመቶበታል፤ አንዴ አገልግሎ የሚጣለው ዓይነት ከሆነ 12 ዓመት ሲሞላው፣ መርፌው አረንጓዴ ላይ ቢሆንም፣ ተቀባይነት የለውም። ጀልባዋ የ2018 ሞዴል ወይም አዲስ ከሆነች ማጥፊያው 5-ቢ ወይም 20-ቢ የሚል የደረጃ ምልክት ያለው ይሁን።

ከኤፕሪል 1 ቀን 2021 ጀምሮ ደግሞ፣ ከ26 ጫማ ባነሰና ሞተር ማጥፊያ ገመድ ባለው ጀልባ ላይ ነጂው ፍጥነት ሲጨምር ገመዱን ከሰውነቱ ጋር ማያያዝ አለበት። ነጂው ቢወድቅ ሞተሩ ይጠፋል። ሳይጠፋ የቀረ ጀልባ ክብ እየዞረ ተመልሶ የወደቀው ሰው ላይ ይመጣል።

በመጨረሻም የመመዝገቢያ ቁጥሩ። በአፍንጫው በሁለቱም ጎን፣ ቢያንስ 3 ኢንች ቁመት ባላቸው ወፍራም ፊደላት፣ ከጀልባው ቀለም በሚለይ ቀለም ይለጠፍ፤ በፊደሎቹና በቁጥሮቹ መካከልም ክፍተት ይተው። ምዝገባው ቨርጂኒያ ውስጥ በ3 ዓመት፣ ሜሪላንድ ውስጥ በ2 ዓመት ይታደሳል። ቨርጂኒያ ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር የተገጠመበት ካያክም ይመዘገባል፤ ሞተሩን ፈትታችሁ በመቅዘፊያ ብቻ ከሄዳችሁ ግን ምዝገባ አያስፈልግም።