ቅጠሉ ያማረ፣ ራስ ያልቋጠረ ሽንኩርት

ጥያቄ፦ «እህቴ ከአሜሪካ፣ ከሚኒሶታ የቀይ ሽንኩርት ዘር ላከችልኝ። እዚህ ቢሾፍቱ፣ ጓሮዬ ውስጥ በጥቅምት መጀመሪያ ዘርቼ በኅዳር መጨረሻ ችግኙን አዛወርኩት። አሁን ሚያዝያ ገብቷል። ቅጠሉ ለምለም ነው፤ ታች ሲታይ ግን ከአንገቱ ብዙም አይወፍርም። ዩሪያ ሁለት ጊዜ ሰጥቼዋለሁ። ጎረቤቴ ቅጠሉን ርገጪው፣ ራስ ይይዛል አለችኝ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እባክዎ አይርገጡት። የሽንኩርት ራስ የሚሞላው ቅጠሉ በሚሠራው ምግብ ነው። ቅጠሉ ከተሰበረ ምግቡ ይቀንሳል፤ የተሰበረው አንገት ደግሞ ለብስባሴ በር ይከፍታል።

በእኔ ግምት ዋናው ችግር ዘሩ ነው። ሽንኩርት ራስ መቋጠር የሚጀምረው ቀኑ ለዝርያው በሚበቃው መጠን ሲረዝም ነው። እንደ ሚኒሶታ ባለ ሰሜናዊ አገር የሚዘራው ዝርያ በአብዛኛው በቀን 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ብርሃን ይፈልጋል። እዚያ በሰኔ ቀኑ ከ15 ሰዓት ተኩል ስለሚያልፍ ችግር የለበትም። ቢሾፍቱ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። በዓመቱ ረጅሙ ቀን እንኳ 13 ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ተክሉ የሚጠብቀው ቀን አይመጣለትም፤ ቅጠል ብቻ እያወጣ ይቀጥላል። እስከ ክረምት ቢታገሱትም ለውጥ የለውም። ፓኬቱ እጅዎ ላይ ካለ ይመልከቱት፤ «ሎንግ ዴይ» (ረጅም ቀን) የሚል ጽሑፍ ካለበት ነገሩ አለቀ።

(ለእህትዎም ይንገሯቸው። የእኛን አገር ዘር ወስደው በግንቦት እዚያ ቢተክሉ ረጅሙ ቀን ገና ችግኝ ሳለ ይደርስበትና ትንንሽ ራስ ቋጥሮ ያቆማል።)

ያለውን ተክል አይጣሉት። አሁኑኑ እየነቀሉ ከነቅጠሉ ይጠቀሙበት። ለሰላጣ፣ ለእንቁላል፣ ለወጥ ማሳመሪያ ጥሩ ነው። ከቆየ አንገቱ ይጠነክራል።

ለሚቀጥለው ዙር አገር ውስጥ የተለመደ ዝርያ ይግዙ። አዳማ ሬድ ከመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ ነው፤ ለእኛ አጭር ቀን ይስማማል። ቦምቤይ ሬድ ደግሞ ቶሎ ስለሚደርስ ብዙ ገበሬ ይወደዋል። ለጓሮ እኔ የምመርጠው ቦምቤይ ሬድን ነው፤ ቦታውን ቶሎ ይለቅልዎታል። ዘሩ የዚያው ዓመት መሆኑን ግን አጥብቀው ይጠይቁ። የሽንኩርት ዘር ከሌላው አትክልት ዘር ይልቅ ቶሎ ይሞታል። ከአምና የተረፈ በርካሽ ቢሰጥዎት እንኳ ይቅርብዎ።

አሁን ወደ ዩሪያው ልምጣ፤ ዘሩ ትክክል ቢሆን ኖሮም ሊያበላሽብዎት ይችል ነበር። እያንዳንዱ ቅጠል ታች ከሽንኩርቱ አንድ ሽፋን ጋር የተያያዘ ነው። ራስ ከመቋጠሩ በፊት ብዙ ቅጠል ያወጣ ሽንኩርት ትልቅ ይሆናል። ስለዚህ ዩሪያ መጀመሪያ ላይ ይጠቅማል። ችግኙ ከተዛወረና ሥር ከያዘ በኋላ ጥቂት፣ ከዚያ ወር ገደማ ቆይቶ ጥቂት ይበቃዋል። ታችኛው ክፍል ማበጥ ሲጀምር ግን ፈጽሞ ያቁሙ። ዘግይቶ የሚሰጥ ዩሪያ አንገቱን ያወፍረዋል። አንገተ ወፍራም ሽንኩርት ደግሞ አይደርቅም፤ ቤት ውስጥ ይበሰብሳል። ያልበሰለ የዶሮ ኩስም እንዲሁ ያደርጋል። በደንብ የተብላላ ኮምፖስት ካለዎት ከመትከልዎ በፊት ከአፈሩ ጋር ያዋህዱት።

ችግኝ ሲያዛውሩ ጥልቀቱን ይጠንቀቁ። ብዙ ሰው ተክሉ እንዳይወድቅ ብሎ አንገቱ ድረስ ይቀብረዋል። ሥሩ ብቻ ይሸፈን፤ ራሱ ሲያብጥ ግማሹ ከአፈር በላይ መታየት አለበት። ሲኮተኩቱም አፈር አያልብሱት፤ ድንች አይደለም። በችግኝና በችግኝ መካከል 10 ሳንቲ ሜትር፣ በመስመርና በመስመር መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ይተዉ። አፈርዎ መረሬ (ውኃ የሚይዝ ጥቁር ጭቃ አፈር) ከሆነ ከፍ ያለ መደብ ይሥሩ። ሥሩ አጭር ነው፤ ውኃ ሲያጣም ሲተኛበትም ቶሎ ይጎዳል። ጥቂት ጥቂት ቶሎ ቶሎ ማጠጣት ይሻላል። አረምም በጊዜ ይነቀል፤ ቀጭን ቅጠሉ አፈሩን ስለማይሸፍን አረም በቀላሉ ያሸንፈዋል።

ቅጠሉ ላይ ብርማ ጭረት ካዩ መሃሉን ገለጥ አድርገው ይመልከቱ። ደቃቅ ቢጫ ተባይ ከተደበቀ ትሪፕስ ነው። በበጋ ይበረታል። ለጓሮ ያህል ጠዋት ጠዋት ውኃ በኃይል እየረጩ ማጠብ ብዙውን ይቀንሰዋል።

ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቅጠል በራሱ ጊዜ ሲተኛ ደርሷል ማለት ነው። ውኃ ማጠጣቱን ከዚያ ሁለት ሳምንት ገደማ አስቀድመው ያቁሙ። ከነቀሉ በኋላ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ውስጥ በትነው ያድርቁት፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይቃጠላል። አንገቱ ጠቦ ሲንኮሻኮሽ ቅጠሉን ሁለት ጣት ያህል አስተርፈው ይቁረጡ። አንገቱ እርጥብ የቀረውን ለይተው መጀመሪያ እሱን ይጨርሱ።