ያቺ የመጨረሻዋ «ም»

ጥያቄ፦ ልጄ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች የ11 ዓመት ልጅ ነች። አማርኛ እያስተማርኳት ነው። በቀደም «ያልመጣም ልጅ» ብላ ጻፈች። «ም»ን አውጪያት አልኳት። «ለምን? አልመጣም ይባል የለ?» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ «እኔም» ላይ መጨመሪያ የሆነችው «ም» «አልፈልግም» ላይ እንዴት መካጃ ትሆናለች ብላ አፋጠጠችኝ። መልስ አጣሁ። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ በቅድሚያ ልጅዎን ይሳሙልኝ። አማርኛ አፍ የፈታንበት ሰዎች ይህን ጥያቄ አንጠይቅም። ማንም ሳያስተምረን «ም»ን ቦታዋ ላይ ማስቀመጥ ስለምንችል፣ ለምን እዚያ እንደተቀመጠች ማሰብ አያስፈልገንም።

«አልፈልግም» ላይ የሚክደው «ም» አይደለም። የሚክደው ፊት ለፊት ያለው «አል» ነው፤ አንዳንዴ «አይ» ሆኖ ይመጣል። ማስረጃው የልጅዎ ስህተት ራሱ። «ያልመጣ ልጅ» ስንል «ም» የለችም፤ ልጁ ግን አልመጣም። «ስላልመጣ»፣ «እንዳይመጣ»፣ «ሳይመጣ»፣ ሁሉም ክደዋል፣ አንዳቸውም «ም» የላቸውም። ግዕዝም ሲክድ ፊት ላይ «ኢ»ን ያደርጋል እንጂ ኋላ ላይ «ም» አይፈልግም። ዛሬ «ኢፍትሐዊ»፣ «ኢሰብአዊ» ስንል የምናገኛት «ኢ» እሷ ነች። (አዎ፣ «ባይመጣም» ይባላል። የእሱ «ም» ሌላ ነች፤ «እንኳ» ለማለት የመጣች ናት፣ ብትወጣም ክህደቱ እንዳለ ይቀራል።)

ታዲያ ምን ትሠራለች? እኔ ማኅተም ነች እላለሁ። ዐረፍተ ነገሩ በራሱ ቆሞ «ነገሩ እንዲህ አይደለም» ብሎ ሲናገር መጨረሻው ላይ ትመታለች። ግሡ የሌላ ነገር ጥገኛ ከሆነ ግን ማኅተም አያስፈልገውም። ትእዛዝም አያስፈልገውም፦ «አይመጣም» ወሬ ነው፣ «አይምጣ» ትእዛዝ ነው። «አይደለም» ብለው ሲመልሱ ነገሩን ዘጉት። «ትመጣለህ፣ አይደል?» ሲሉ ደግሞ ገና የሌላውን ሰው አፍ እያዩ ነው። ተቀናጅተው የሚሄዱ አባባሎችም ይጥሏታል፤ ምንም ግድ የማይሰጠውን ሰው «አይሞቀው አይበርደው» እንላለን እንጂ «አይሞቀውም አይበርደውም» ካልን ቅመሙ ይጠፋል።

እኔ ግን ይህን ነገር የማስረዳው በመኪና ነው። ጠዋት ቁልፉን አዞሩ፣ ሞተሩ ትንሽ አጉረመረመና ዝም አለ። ለሥራ ባልደረባዎ ደውለው ምን ይላሉ? «መኪናው አልነሳ አለኝ።» በቃ። «አልነሳም አለኝ» ካሉ መኪናው አፍ አውጥቶ «እኔ አልነሳም!» ብሎ ተናገረ ማለት ነው። ሰው ግን ሁለቱንም ይችላል። የስምንት ወር ሕፃን ማንኪያውን ሲያይ ፊቱን ካዞረ «አልበላ አለ» ነው የምንለው። አራት ዓመት ሞልቶት፣ እጁን አጣጥፎ፣ ዓይንዎን እያየ ሲነግርዎ «አልበላም አለ» ይሆናል። በመጀመሪያው ያደረገውን ነው የምናወራው፣ በሁለተኛው የተናገረውን። በሩም አልከፈት፣ መብራቱም አልበራ፣ እንቅልፍም አልወስድ ይላል፤ አንዳቸውም ግን «ም»ን አይጠሩም፣ ምክንያቱም አንዳቸውም አይናገሩም።

ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። የ«እኔም» «ም» እና የ«አልፈልግም» «ም» ዝምድና አላቸው ወይ? አላቸው ባይ ነኝ። ትግርኛን ይመልከቱ። «አልመጣም» በትግርኛ «ኣይመጸን» ነው፤ ፊት «ኣይ»፣ ኋላ «ን»። ይህች «ን» ደግሞ «እኔና አንተ» ለማለት «ኣነን ንስኻን» ሲባል ሁለቱን ቃላት የምታያይዘዋ ነች። በድምፅ የማይገናኙ ሁለት ማያያዣዎች፣ አንዷ በአማርኛ አንዷ በትግርኛ፣ እዚያው የክህደት ጭራ ላይ መገኘታቸው ለእኔ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። ድልድዩ ያለው «እንኳ» ላይ ይመስለኛል። «አንድም ሰው አልመጣም» ሲሉ «አንድ እንኳ» ማለትዎ ነው። ሰው ሲክድ አጠንክሮ ነው የሚክደው፤ «እንኳ» እያለ ይጨምራል፣ ያ ማጠንከሪያ ይለመድና ግሡ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። «ማንም ምንም አላለም» የሚለውን ቀስ ብለው ይበሉት። ሦስት ቃል፣ ሦስቱም «ም»ን ጭራ አድርገዋል።

ክህደት በሌለበት ደግሞ ሥራዋ ብዙ ነው። «ሁለቱ መጡ» እና «ሁለቱም መጡ» አንድ አይደሉም፤ በሁለተኛው ውስጥ አንዱ ይቀራል ብሎ የፈራ ሰው አለ። ቦታዋም ነገር ይለውጣል። «ልጁም ዳቦውን በላ» ካሉ ሌላ የበላ ሰው አለ። «ልጁ ዳቦውንም በላ» ካሉ ልጁ ሌላ ነገርም በልቷል፣ ምናልባት ለእንግዳ የተቀመጠውን ጭምር። «መቼም» ደግሞ ከቤት ወጥታ የራሷን ኑሮ መሥርታለች፦ «መቼም አልረሳህም» ላይ ጊዜ ናት፣ «መቼም ሰው ነኝና ልረሳ እችላለሁ» ላይ ከጊዜ ጋር ምንም የላትም። ከሁሉ የምወደው ግን «አንድም» ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አንድን ቃል ፈትተው ሲያበቁ «አንድም» ብለው ሁለተኛ ፍቺ ያመጣሉ፣ ደግሞ «አንድም» ብለው ሦስተኛ። አንድምታ የሚባለው ትልቅ የትርጓሜ ትምህርት ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ያች ትንሽ «ም» ባትኖር «አንድ» ተብሎ ሊቆም ነበር።

ዜና ላይ ግን አበዟት። «አክለውም»፣ «አያይዘውም»፣ እንደገና «አክለውም»። ኃላፊው ምን እየከመሩ ነው ያሰኛል።

ለልጅዎ ሕጉን አያስሸምድዷት። እቤት ውስጥ አንድ ዕቃ እስኪበላሽ ይጠብቁ። ለምሳሌ የልብስ ማጠቢያው ቆመ እንበል፣ ምን እንደሆነ እሷ ትንገርዎ። «አልሠራ አለ» ካለች ገብቷታል። «አልሠራም አለ» ካለች ደግሞ «ታዲያ አንቺ ምን ብለሽ መለስሽለት?» ይበሏት።