ተማሪ የገባበት ቤት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? የምኖረው ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ነው። ግቢያችን ውስጥ አራት ሰርቪስ ቤቶች አሉ፤ የምናከራየው ለኮሌጅ ተማሪዎች ነው። ባለፈው ሰኔ ሁለት ልጆች የሁለት ወር ኪራይ ሳይከፍሉ፣ ቁልፉን መስኮቱ ላይ አስቀምጠው ሌሊት ወጡ። የመብራቱንም አልከፈሉም። እኔ በንዴት ስብከነከን እናቴ ምን ትለኛለች፣ «ድሮ ተማሪ የገባበት ቤት በረከት ነበረው፤ ለስኂን ተማሪ ቤት ያላከራየ ማን ነበር? ያበላሻችሁት እናንተ ናችሁ»። እኛ! እውነት ያኔ ተማሪውና ከተማው እንደዚያ ይዋደዱ ነበር? ወይስ እናቴ ልጅነቷ ናፍቋት ነው?
የተማሪ ዕዳ የወረሰችው፣ ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ ኪራዩን ፈጣሪ ይክፈልሽ። እናትሽ ግን ግማሹን እውነት ነው የተናገሩት። ሌላው ግማሽ ናፍቆት ነው፤ እሱም አይከፋም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። እናትሽ የሚያወሩለት ስኂን ኮሌጅ አልነበረም። ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የሆነው ወይዘሮ ስኂን ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ስሙን ያገኘው ከንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ ከእቴጌ መነን እናት፣ ከወይዘሮ ስኂን ሚካኤል ነው። ይኼን የምልሽ ለታሪክ ሊቅነት አይደለም። ለኪራይሽ ጉዳይ ይጠቅመናል።

በዚያ ዘመን አብዛኛው የወሎ አውራጃ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልነበረውም። ከሳይንት፣ ከቦረና፣ ከወረኢሉ፣ ከላስታ የመጀመሪያ ደረጃን የጨረሰ ልጅ ትምህርት ካማረው ደሴ መግባት ነበረበት። ለዚያ ሁሉ ልጅ የሚበቃ ማደሪያ ከየት ይመጣል? ትምህርት ቤቱ ወንበርና አስተማሪ ሰጠ። ጣሪያውን የሰጠው ከተማው ነው። ለዚህ ነው የድሮ ደሴዎች ስለ ስኂን ሲያወሩ ስለ ትምህርት ቤት ሳይሆን ስለ ገዛ ጓሯቸው የሚያወሩ የሚመስሉት።

ልጁ ሲመጣ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። ሰኞ ገበያ እህል የሚሸጥ አጎት ወይም የአገር ሰው ይዞት ይመጣል። «ይህ የእገሌ ልጅ ነው፣ እኔ ዋስ ነኝ» ይባላል፤ ውሉ አለቀ። ወረቀት የለም። ኪራዩ ገንዘብ ሲኖር በገንዘብ፣ ሳይኖር በጤፍ ወይም በባቄላ ይከፈላል። ስንቁ በአህያ ይመጣል፤ በሶው፣ ቆሎው፣ ዳቦ ቆሎው። ስንቁ ሲመጣ ለባለቤቷ አንድ ቁና ይሰፈርላታል። ስንቁ ሲዘገይ ደግሞ እሷ ታበላዋለች። እናትሽ በረከት የሚሉት ይኼንን ሂሳብ ይመስለኛል፤ ሂሳብ ነው ግን።

እኛ ግቢ የነበረው ተማሪ ኪራዩን ግማሽ ነበር የሚከፍለው፤ ግማሹን እኔን ሂሳብ በማስጠናት። ካልገባኝ በማስመሪያ እጄን ይለኛል። ለእናቴ ስነግራት «ደግ አደረገ» አለችኝ። ማባዛት እስካሁን አልጠፋብኝም። ከጎረቤታችን ደግሞ አንዲት ሙስሊም እናት ነበሩ፤ ሦስት የክርስቲያን ልጆች አከራይተው፣ እነሱ ሲጾሙ ሽሮውን በዘይት ለብቻ ይሠሩላቸዋል፤ ረመዳን ሲገባ ደግሞ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ውሃ ይቀዱላቸዋል፣ ማፍጠሪያው ላይም ቁጭ ይላሉ። ወሎ ላይ ይኼ ወሬ አይደለም፤ ሌላ አገር ስናወራው ነው ተረት የሚመስለው።

ልማዱን የፈጠረው ደግሞ ስኂን አይደለም። ከዚያ በፊት የነበረ ነው። ደረሳ በየመስጊዱ ቂርዓት ሲቀራ ያበላው የነበረው የአካባቢው ሰው ነው። የቆሎ ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በር ላይ ሲቆም ቁራሽ ያወጣለት የነበረውም ያው ሰው ነው። ተማሪን መመገብ ለራስ ነፍስ ነው የሚል እምነት በሁለቱም ወገን ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ እነዚያው በሮች ተከፈቱለት። ትምህርት ቤቱ ራሱ ለዚህ አንድ ብር አላወጣም። እኔ ብሆን ለነዚያ እናቶች ሐውልት ባላቆም እንኳ አንድ የቡና ረከቦት እሸልማቸው ነበር።

አሁን ወደ ግማሹ ናፍቆት እንምጣ። ያ ሰላማዊ ግቢ ሁልጊዜ ሰላማዊ አልነበረም። በ1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ በጻፈው ጽሑፍ አገር ያነጋገረውና በ1965 አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክር የተገደለው ዋለልኝ መኮንን የስኂን ተማሪ ነበር። ተማሪው ኪራይ ብቻ ሳይሆን ፖለቲካም ይዞ ገባ። በ1965 እና በ66 ረሃቡ ሲመጣ፣ የተራበው ሰው ከአዲስ አበባ አሥመራ በሚወስደው መንገድ ዳር ሲሰለፍ፣ ስንቅ የሚመጣበት ገጠር ራሱ ባዶ ሆነ። ቁናው ቀረ። በ1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪውን ገጠር ላከው። ዕቃውን በአደራ ያስቀመጠችው አከራይቱ ነበረች፤ አልጋውንም፣ ደብተሩንም።

ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። ቤት ውስጥ ፀጉረ ልውጥ ያሳደረ ለቀበሌ ያሳውቅ ተባለ። አስቢው እህቴ፣ ልጄ ብላ ያኖረችው ተማሪ ማታ ማታ ምን እንደሚያነብ ልትጠየቅ ነው። አንዳንዷ ደበቀች፤ ጣሪያ ሥር፣ ጎተራ ውስጥ። አንዳንዷ ፈርታ አስወጣች። እኔ ሁለተኛዋን አልፈርድባትም፤ ልጆች ነበሯት። ግን «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ የዝምድና መጀመሪያ መሆኑ ቀርቶ ምርመራ የሆነው ያኔ ነው። እናትሽ «ያበላሻችሁት እናንተ ናችሁ» ያሉትን እዚህ ጋ አልቀበልም። እናንተ ስትወለዱ ተበላሽቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ሁለተኛ ደረጃ በየወረዳው ተከፈተ፤ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን የስንቁ አህያ ቀረች። ስኂን ኮሌጅ ሆነ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ወሎ ዩኒቨርሲቲ መጣ፤ አጥር ያለው፣ ዶርም ያለው፣ ካፌ ያለው፣ ተማሪው ከመላ አገሪቱ ተመድቦ የሚመጣበት። ዩኒቨርሲቲው ለከተማው ሥራ አመጣ፣ ታክሲ አበዛ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት አበዛ። አጥሩ ግን አጥር ነው። ከተማውና ግቢው አንድ መሆናቸውን ደህና አድርጎ ያስታወሰን ክፉ ቀን ነው፤ በ2014 ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴም ጎረቤቷ ኮምቦልቻም በሕወሓት ኃይሎች ሥር በነበሩ ጊዜ ዩኒቨርሲቲውም ተዘረፈ፣ ሆስፒታሉም፣ ሱቁም። አጥሩ ማንንም አልለየም።

የኮሌጁ ተማሪ ግን እስካሁን የከተማው ነው፤ በአንቺ ሰርቪስ ቤት የሚያድረው እሱ ነው። ችግሩ ዋሱ የለም። ቤቱን ያገኘው በደላላ ወይም በቴሌግራም ነው። የማን ልጅ እንደሆነ አታውቂም፣ እሱም አንቺ የማን እናት እንደሆንሽ አያውቅም። ተመርቆ ሲወጣ ክሊራንስ የሚባል ወረቀት ይዞ ይዞራል። የላይብረሪ ፊርማ አለው፣ የወርክሾፕ ፊርማ አለው። የአከራይ ፊርማ የለውም! ኮሌጆቹ ይኼን አንድ መስመር ቢጨምሩበት ስንት ቤት ሰላም ያድር ነበር። ተማሪዎች ደብዳቤ እንደምትጽፉብኝ አውቃለሁ፤ ጻፉ። አከራይም በየሦስት ወሩ ኪራይ እየጨመረ፣ ማታ 2 ሰዓት መብራት እያጠፋ «ልጄ» ቢል ማን ያምነዋል?

አንቺ ምን አድርጊ? ዋሱን መልሺው። የመታወቂያውን ቅጂ፣ የወላጁን ስልክ፣ ከዚሁ ከተማ የሚያውቀውን አንድ ሰው ጠይቂ። ውሉን በጽሑፍ አድርጊው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016 ማለቴ ነው፣ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፤ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ይከለክላል። በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በሚወስነው መሠረት ስለሆነ ከተማ አስተዳደሩ ጋ ሄደሽ አረጋግጪ። ሌላው ደግሞ በወር አንድ ቀን ቡና ጥሪያቸው። በረካው ላይ የሚቀመጥ ልጅ ሌሊት ቁልፍ መስኮት ላይ ትቶ አይሄድም። ቢሄድም ያፍራል፣ ያፈረ ሰው ደግሞ አንድ ቀን በቴሌብር ይልካል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ኮምቦልቻ ነው የምሠለጥነው፣ ኤሌክትሪክ። ለትብብር ሥልጠና ፋብሪካ ስንጠይቅ «ልጆቹ ዕቃ ይሰብራሉ» እያሉ ይመልሱናል። ከተማው ፋብሪካ በፋብሪካ ሆኖ ለምን አይቀበሉንም?
ሽቦ የያዘው፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሀረጎን ቁልቁለት ስትወርድ ሙቀቱ ብቻ አይደለም የሚለወጠው። ደሴ በተማሪ ስትኖር ኮምቦልቻ በሠራተኛ ነው የኖረችው። ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ቢራው አለ፣ በ2009 ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። እዚያ ሰርቪስ ቤት የሚከራየው በፈረቃ የሚሠራው ልጅ ነው። ስለዚህ እንደ ደሴ የሚያውቅህ አከራይ የለም። የሚያውቅህ ፎርማን መሆን አለበት፤ ፎርማኑ ደግሞ የሚለካው በወጣው ምርት ነው፣ አንተን በማስተማሩ ማንም አያመሰግነውም። «ይሰብራሉ» ያለህ ለዚህ ነው እንጂ ጠልቶህ አይደለም።

በትልቁ በር ብቻ አትቁም። በከተማው ያሉ ሞተር ጠምጣሚዎች፣ ጋራዦች፣ ብየዳ ቤቶች አሉ። ሰው ያጥራቸዋል። ኮሌጅህ ደብዳቤውን ለእነሱም ይጽፍልህ፤ እነሱ ጋ በሳምንት የምትነካው ሽቦ ፋብሪካ ውስጥ በወር ቆመህ ከምታየው ይበልጣል። ለሲኦሲ፣ ለሙያ ብቃት ምዘና ፈተናውም የሚረዳህ የነካኸው ነው። ፋብሪካው ከተቀበለህ ደግሞ የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አትንካ፤ ጥረግ፣ መፍቻ አቀብል፣ የፎርማኑን ስም ያዝ። ማመልከቻውን ስታስገባም ማኅተም የተመታበትን ቅጂ እጅህ ላይ አስቀር፤ «አልደረሰንም» መባል አይቀርም።