ስኮትላንዳውያን ላይ ማላገጥ፦ ቀልድ ወይስ ንቀት?
ወንድሜ፣ «ስኮትላንዳውያን ላይ የሚነገር ፌዝ ወደ ጥላቻ ያልፋል ወይ?» ላልከው፣ አዎ፣ ያልፋል፤ አልፎም ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1746 የመንግሥት ጦር በስኮትላንድ ዓመፀኞችን ድል ካደረገበት የኩሎደን ውጊያ በኋላ የብሪታንያ ፓርላማ የደጋማው ስኮትላንድ ወንዶች የባህል ልብሳቸውን እንዳይለብሱ በሕግ ከለከለ፤ ክልከላው የተነሳው በ1782 ነው። በዚሁ መሃል፣ በ1755፣ እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰን በመዝገበ ቃላቱ አጃን «በእንግሊዝ ለፈረስ የሚሰጥ፣ በስኮትላንድ ግን ሕዝቡ የሚኖርበት እህል» በሚል መንፈስ ፈታው። ልብሱን በሕግ ለተነጠቀ ሕዝብ ይህ እንዴት ተራ ቀልድ ይሆናል?

አንድ ፖለቲከኛ በሠራው ሥራ ይቀለድበት፤ ተገቢ ነው። «ስኮቶች ሁሉ ቆንቋናና ሰካራም ናቸው» ሲባል ግን የሚመታው ትውልዱ ነው። ራሳቸው ስለ ራሳቸው መቀለዳቸውም ለሌላው ፈቃድ አይሰጥም። በተለይ የስኮትላንዷ ከተማ የግላስጎው አነጋገር እየተኮረጀ ሲሳቅበት ያመኛል፤ ሰውየው የተናገረው ጉዳይ ሳይደመጥ ይቀራልና።